ክዳን ሲጠብቅ የከረመ ክፍል

የቀበሌያችን ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ አራተኛን ጨረሰች። አምስተኛን ለመማር ሞላሌ ከተማ መሄድ አለባት፤ መንገዱ ለዕለት ምልልስ አይሆንም፣ እዚያ ቤት ለመከራየት ደግሞ አቅም የለንም። እንደ እሷ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸውና የቀበሌው ሰው በደቦ አንድ ክፍል ለመሥራት ተነሣ። ድንጋዩን ከየማሳው ለቅመው በጭቃ እያያያዙ ግድግዳውን አቆሙ። ቆርቆሮውን ወረዳው ከበጀቱ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር።

የካቲት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ ጓሳው፣ የጋራው የሣር መሬታችን፣ ለአጨዳ ተከፍቶ አገኘሁት። ለዓመታት የተጠበቀው ሣር ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ማንም አይነካውም። እናቴ፣ «ከየድርሻችን ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ክፍሉን ብንከድነውስ?» አለች።

አባቴ ሳቁ። «ሣር ካለበስነውማ ‹ተከድኗል› ብለው ቆርቆሮውን ለሌላ ቀበሌ ይሰጡታል። ችግርሽን ከሸፈንሽው ማን ያይልሻል?»

አብረውን የተቀመጡት ጎረቤታችን ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ አዋቂ አለች አይደል? እሷ ትንገረን እንጂ።»

ኢኮኖሚክስ ስለምማር የገባኝን ያህል አስረዳሁ። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፤ ክልሉም ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላል። ወረዳችን ከራሱ የሚሰበስበው ጥቂት ስለሆነ የሚኖረው በዚያ ድጎማ ነው። ቀመሩ የሕዝቡን ብዛትና የጎደለውን ነገር ያያል፤ በራሱ ብዙ መሰብሰብ ለሚችል ድጎማው ያንሳል።

«ይኸው!» አሉ አባቴ። «እኔስ ምን አልኩ?»

ቀመሩ ስለ ክልልና ስለ ወረዳ እንጂ ስለ አንድ ክፍል ክዳን አይደለም ብዬ ልጨምር ስል ወሬው ወደ በግ ዋጋ ዞሯል። ሁሉም ሣሩን ለየቤቱ አጨደ፤ ጓሳውም ተዘጋ።

ሰኔ ላይ ስመለስ ግድግዳው እንደዚያው አናቱ ክፍት ነበር። ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የመጣ ወጣት ባለሙያ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ። «የመጣው ድጎማ ለመምህራንና ለጤና ሠራተኞች ደመወዝ ነው ያለቀው። ለግንባታ የተረፈ የለም። ክልሉም ከላይ የሚመጣለትን ነው የሚሰጠን።»

ጎረቤታችን ሽማግሌ ተነሡ። «እኛ ወረዳን እንጠብቃለን፣ ወረዳ ክልልን፣ ክልል ፌዴራልን። ፌዴራልስ ማንን ነው የሚጠብቅ?»

«እናንተን ነዋ፤ ግብር ስትከፍሉ» አለ ወጣቱ።

«ከፍለን የለም እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ወጣቱም አብሮ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው ማዶ ከሚታየው የክፍሉ ግድግዳ ላይ ነበር።

ዝናቡ ሳይዘገይ ጀመረ። ከድንጋዮቹ መሀል ጭቃው ይታጠብ ገባ፤ በሦስተኛው ዝናብ የአንዱ ማዕዘን አናት ተናደ። ግድግዳው ክረምቱን ካልቆመ መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል የለም። ያን ቀን አባቴ ለቤታችን ብለው ያጨዱትን ሣር አውጥተው አህያዋን ይጭኑ ጀመር።

«ቤታችን እያፈሰሰ?» አለች እናቴ።

«እኛ ጥግ ጥጉን ይዘን እናድራለን። ግድግዳ ግን ጥግ አይዝም።»

ሌሎችም የቻሉትን አመጡ፤ አብዛኛው ግን ሣሩን ቤቱ ላይ ካዋለ ቆይቷል። የደረሰው ለክፍሉ ግማሽ ብቻ ነው። ክዳኑን አስረው ሲጨርሱ አባቴ እጃቸውን እያራገፉ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እነዚያ የወረዳዎቹ ሲመጡ ይህን ሣር አይተው ቆርቆሮውን ያስቀሩብን ይሆን?» አሉ።

የተማርኩትን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩት። «አላውቅም አባባ» አልኳቸው።

ውስጥ እህቴ ከተከደነው ወገን ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ትጠጋለች፤ ሌሎቹ ልጆች ሲመጡ ቦታው ይበቃቸው እንደሆነ ማየቷ ነው። ባልተከደነው ወገን ውኃው ግድግዳውን ይዞ መውረዱን አላቆመም።