የአረፋ አባያ፣ ሦስት ለሁለት ለአንድ

ከዋሂል የተነሣሁት ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለአረፋ የሚሸጥ ስድሳ አባያ ከድሬ ዳዋ ለማምጣት። ከባለቤቴ ከረምላ ጋር ትንሽ የልብስ ሱቅ አለን። እሷ ትሸጣለች፣ እኔ ዕቃ አመጣለሁ። አምና ለአረፋ የሸጥነውን ከደብተሯ ቆጥሬ ነበር፦ አጭር አሥራ ስምንት፣ መካከለኛ አሥራ ሁለት፣ ረጅም ስድስት። ሬሾው ሦስት ለሁለት ለአንድ ነው። ስድሳውን በዚያው ሳካፍለው ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥር መጣልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ በሁለት የሽንኩርት ጆንያ መሀል ተጣብቄ፣ በመስኮቱ ደረቁን አሸዋማ ወንዝና ግራሩን እያየሁ፣ በሒሳቤ ልቤ ሞቆ ነበር።

ታይዋን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ከድሬ ዳዋ መናኸሪያ እስከ ታይዋን ገበያ ባለባጃጁ መቶ ብር ጠራ፤ በሰማንያ ተስማማን። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል። ሁለት ሳምቡሳ ቆሜ በላሁና አባያ በጅምላ የምትሸጠው ፋጡማ ዘንድ ገባሁ።

«በእኩል ነው የታሰረው» አለችኝ። «ከሦስቱም ቁመት ሃያ ሃያ።»

«እኔ የምፈልገው በሬሾ ነው።» ደብተሩን ከፍቼ አሳየኋት።

«አቦ፣ አታድክመኝ! እስሩን ከፈታሁት የቀረውን ለማን እሸጠዋለሁ?»

አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርኩ። በሶማሊኛ ለመንኳት፣ በኦሮምኛ ቀለድኩባት። በመጨረሻ እየተነጫነጨች ፈታችልኝ። «ተመልሰህ ‹ቀይሪልኝ› እንዳትለኝ» አለች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ወጣሁ።

ዋሂል

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ አሥሩም ረጃጅም አባያዎች ከምሳ በፊት አለቁ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ መጡ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቁመተ ረጅም ሴት ናቸው። መካከለኛውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ ለኩት፤ ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ቀረ።

«ከዚህ የሚረዝም የለም፣ ልጄ?»

«አልቋል፣ አዴ» አለቻቸው ረምላ።

«ሁልጊዜ ያልቃል» ብለው አጣጥፈው መለሱላት።

ሲወጡ ረምላን «አምናም እንዲህ ነበር?» አልኳት።

«አምናም በመጀመሪያው ቀን ነው ያለቀው። ስንቷን መልሻለሁ!»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?»

«የተሸጠውን ጻፊ አልከኝ። ያልተሸጠውን የት ልጻፈው?»

ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። ስድስት ረጅም የሸጥነው ስድስት ብቻ ስለነበረን ነው። ደብተሩ የሚያውቀው መደርደሪያዬ ላይ የነበረውን ብቻ ነው፤ ባዶ እጇን የወጣችውን አያውቃትም። ፋጡማ እንዳሰረችው ይዤ ብመጣ ኖሮ ለሌሎች አሥር ሴቶች ይደርስ ነበር። ይህን ለመማር ድሬ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሚስቴን መጠየቅ ይበቃኝ ነበር።

የአረፋ ዕለት ከሶላት ስመለስ አዴ ሐሊማን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የለበሱት የወየበ አባያ ነው፤ እግራቸው ይታያል።

«ኢድ ሙባረክ፣ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

አባያውን አወቅኩት። አምና ረጅም ሲያጡ ከእኛው የገዙት ነው። ከአሥራ ሁለቱ መካከለኞች አንዱ ብዬ የቆጠርኩት እሱን ነበር።