በአያ ልየው ስም

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ስካሬን ተናግሬያለሁ፣ ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምራቄን ውጬ አልፌያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማምናችሁ አይደለም፤ ስለማታውቁኝ ነው። ነገ እንጅባራ መናኸሪያ ብንገናኝ እናንተም ታልፋላችሁ፣ እኔም አልፋለሁ።

ፖሊስ ነኝ። የየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆንኩ ይቅርባችሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። በስልክና በኮምፒውተር የሚሠራ ወንጀል እንዴት እንደሚመረመር አዲስ አበባ ተልኬ ተምሬ ስመለስ፣ በአካባቢያችን ይህን የተማረ ሌላ ሰው አልነበረም። ወይ ኩራቴ! የላፕቶፕ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ሳላንጠለጥል ሻይ ለመጠጣት እንኳ አልወጣም ነበር። ስልኩ የተቆለፈበት ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሁሉ እኔን ፈልጎ ይመጣል። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ "በሂደት ላይ ነው" እላቸዋለሁ። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። አላውቅም ብል ማን ይገድለኝ ነበር?

የወረዳ ፖሊሶችን እንዳሠለጥን የታዘዝኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከዳንግላም፣ ከግምጃ ቤትም፣ ከሌሎቹም ወረዳዎች ተውጣጥተው እንጅባራ ገቡ። አለቃዬ ቢሮው ጠራኝና በመዝጊያው ዕለት እንግዶች ከክልል እንደሚመጡ ነገረኝ። "ወሬ ብቻ እንዳይሆን፤ የተያዘ ሰው፣ ያለቀ ጉዳይ አሳያቸው" አለኝ። እሺ አልኩ። ያለቀ ጉዳይ ግን አልነበረኝም። የነበረኝ አንድ ገና ያልነካሁት አቤቱታ ነው።

አቤቱታውን ያቀረበችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ስሟን አልጠራም፣ የደረሰባት ይበቃታል። አንድ የማታውቀው ሰው ፊቷን ከሌላ ሴት ራቁት ገላ ጋር ገጣጥሞ፣ የምልሽን ካላደረግሽ ለአባትሽና ለክፍል ጓደኞችሽ እልከዋለሁ እያለ በስልኳ ያስፈራራታል። ስልኳን ሰጠችኝ። መልእክቱ የሚላክበት ቁጥር በማን ስም እንደወጣ አጣራሁ። ስሙ ሲመጣልኝ ሁለቴ አነበብኩት። አያ ልየው ናቸው።

አያ ልየው የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ እኔ በተወለድኩበት ጎጥ ይኖራሉ። ዛፍ ተክለው፣ ከሰል አክስለው የሚያድሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። በአዊኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣቸዋል፤ አማርኛቸው ግን ገበያ ላይ ከመግዛትና ከመሸጥ አያልፍም። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ ክዳኗ እንዳይወልቅ በላስቲክ ጠፍረዋታል። እንኳን ፎቶ ልትገጣጥም፣ ፎቶ ቢላክላትም አታሳይም።

ታዲያ ቁጥሩ እንዴት በስማቸው ወጣ? ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ያኔ በጎጣችን የቀበሌ መታወቂያ በእጁ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ገና አልደረስክም ይባላል፣ ሴቷ ባልሽ ይምጣ ትባላለች፣ የሌላው ጊዜው አልፎበታል። ሲም ካርድ የፈለገ ሁሉ በገበያ ቀን አያ ልየውን ይዞ እንጅባራ ይወጣል። እሳቸው መታወቂያቸውን ያሳያሉ፣ ይፈርማሉ፣ ሲሙን ለባለጉዳዩ ሰጥተው ወደ ከሰላቸው ይመለሳሉ። አባቴ አንድ ቀን "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አገሩን ሁሉ በስምህ አደረግከው እኮ!" ሲላቸው፣ "ስሜን ቢይዙት ምን ይጎድልብኛል?" ብለው ሳቁ።

እኔስ ይህን እንዴት አወቅኩ? ከእነዚያ አንዱ ስለሆንኩ ነዋ! ኮሌጅ ስገባ የመጀመሪያዬን ሲም ያወጡልኝ አያ ልየው ናቸው። ፖሊስ ስሆንም፣ ማዕረግ ስጨምርም፣ አዲስ አበባ ስማርም በኪሴ የያዝኩት ያንኑ ቁጥር ነው፤ በእሳቸው ስም።

ሌላ መርማሪ ቢሆን ተሳሳተ ይባላል። እኔ አልተሳሳትኩም። ይህን እወቁልኝ። እኔ እያወቅኩ አደረግኩት። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር፤ ጎጡ ድረስ ሄጄ፣ "አያ፣ ይህን ሲም ለማን ነው ያወጡለት?" ብዬ መጠየቅ። ግን ምናልባት አያስታውሱም፣ ምናልባት የወሰደውም ለሌላ ሸጦታል። ፍለጋው ጊዜ ይፈጃል፣ እንግዶቹ ደግሞ እየመጡ ነው። ከሁሉም በላይ የማን ቁጥር በማን ስም እንደሆነ መቆጠር ከተጀመረ የእኔም ይነሳል። ሠልጥኖ የመጣው መርማሪ በሰው ስም ስልክ ይዞ ይዞራል ሊባል ነው። አስያዝኳቸው።

ራሴ አልሄድኩም፤ ሁለት ፖሊስ ላክሁ። "ኢንስፔክተሩ ይፈልግዎታል" ሲሏቸው ደስ አላቸው አሉ። የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ ለእኔ ብለው ድንች በማዳበሪያ ቋጥረው መጡ። ድንቹ በር ላይ ተቀመጠ፣ እሳቸው ታሰሩ። "የእገሌን ልጅ ጥሩልኝ፣ ነገሩን ያስረዳልኛል" እያሉ ጠባቂዎቹን ይለምኑ ነበር። እኔ በጓሮው በር እየገባሁ በጓሮው በር እወጣ ነበር። ድንቹ እዚያው በቀለ።

በመዝጊያው ዕለት አዳራሽ አስገብቼ ሠልጣኞቹ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ከጀርባቸው ሰሌዳው ላይ የእኔ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፏል፤ ሠልጣኞቹ ወደ ወረዳቸው ሲመለሱ እንዲደውሉልኝ ብዬ የጻፍኩት ነው። በእሳቸው ስም የወጣውን ቁጥሬን ከራሳቸው በላይ ሰቅዬ ነው የመረመርኳቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ተነስተው ሊስሙኝ ሲሉ "ቁጭ በል!" አልኩ።

አንተ አልኳቸው። አባቴ እንኳ ሲቆጣ ወይ ሲቀልድ ካልሆነ በቀር አንተ ብሎ የማይጠራቸውን ሰው፣ እኔ አንተ አልኩ። "ስምህ ማን ነው?" ስላቸው ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ በአዊኛ ምን ተፈጥሮ እንደሆነ፣ እናቴ ደኅና መሆኗን ጠየቁኝ። "በአማርኛ!" ብዬ ጮኽኩባቸው። ከሠልጣኞቹ አዊኛ የሚሰሙት አቀረቀሩ፣ የማይሰሙት ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

"ይህ ቁጥር የአንተ ነው?" አልኩ። በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው "በስሜ ከሆነማ የኔ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ወደ ሠልጣኞቹ ዞሬ፣ "አያችሁ? ትክክለኛ ጥያቄ አጭር መልስ ያመጣል" አልኩ። ከዚያ ፎቶውን ዐይናቸው ሥር አቀረብኩት። አያ ልየው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ልብ በሉ፤ ጥፋተኛ ሰው ማስረጃውን ማየት አይችልም" አልኩ። ሽማግሌው ያፈሩት ስለ ልጅቷ ነው። እኔ ያንን ነውር የሚያውቅ ፊት ለትምህርት መርጃ አደረግኩት፣ ሠልጣኞቹም ጻፉት። ዛሬ በየወረዳው ስንቱን ሰው ፊቱን ስለሸፈነ አስረውት ይሆን? ያም የእኔ ነው።

ከዳንግላ የመጣ አንድ ወጣት ኮንስታብል እጁን አወጣ። "ስልካቸውን ማየት እንችላለን?" አለ። "አሠልጣኙ አንተ ነህ እንዴ?" አልኩት። አዳራሹ ሳቀበት፣ ጆሮው ቀልቶ ተቀመጠ።

ከእንግዶቹ መሃል ግን አንድ ሽበታም ሰው ነበሩ። "ሰውየው አማርኛው የገባቸው አልመሰለኝም። በቋንቋቸው ጠይቅልኝ፤ በስማቸው የወጣ ሌላ ቁጥር አለ ወይ?" አሉኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እንጅባራ ብርድ ነው፣ እኔ ግን አላበኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ጎንበስ ብዬ በአዊኛ ጠየቅኳቸው። በዚያን ዕለት በቋንቋችን ያናገርኳቸው ያቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው።

አያ ልየው ቀና ብለው አዩኝ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር እንደገባቸው ዐይናቸው ላይ አየሁ። "አለ፣ የዚህ የልጄ ቁጥር አለ" ቢሉ እኔ አልቆልኝ ነበር፣ እሳቸውም በዚያች ሰዓት ነፃ ይወጡ ነበር። እሳቸውም የለም አሉ።

"የለም ይላል" ብዬ ተረጎምኩ። ይላል አልኩ እንጂ ይላሉ እንኳ አላልኩም። ከዚያ ተጨበጨበልኝ። አያ ልየው ሲያወጧቸው ዞረው አላዩኝም፤ እኔ የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ ፎቶ ተነሳሁ።

ተማሪዋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሳ መጣች። "አሁንም ይልክብኛል" አለችኝ። ሰውየው እኮ እስር ቤት ነው! እንዴት ይልካል? መልሱን ሁለታችንም ፊት ለፊታችን እያየነው ነበር። እኔ ግን "ድሮ የላከው ነው፣ ዘግይቶ የደረሰሽ። ኔትወርክ ነው" አልኳት። አመነችኝ። የተማርኩ ነኛ! አመስግናኝ ሄደች። ያ ሰው ፎቶውን ለአባቷ ልኮት ትምህርቷን ጥላ አገሯ እንደገባች የሰማሁት ቆይቶ ነው። ላኪው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አልፈለግኩትማ፤ እሱን ባገኘው አያ ልየውን ምን ልላቸው ነው?

አያ ልየውን ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ አስፈታቸው። ማንም ጎጡ ድረስ ሄዶ ሰውየው ንጹሕ ናቸው አላለም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አልተናገርኩም። አሁን የመንደር ልጆች "ባለፎቶው" ይሏቸዋል። ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ሴት ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ለዕርቅ የሚጠራቸው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም ቅጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ ከውጭ ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። በስማቸው ሲም ያወጡት ሁሉ፣ ይዘዋቸው ገበያ የወጡት ሁሉ፣ እኛ ምን እናውቃለን አሉ። ከሁሉም ግን የምከፋው እኔ ነኝ፤ እነሱ ዝም ያሉት ፈርተው ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ደግ ነበር። አላበቃም።

ቆይቶ የያዝከውን ቁጥር በራስህ ስም አድርግ የሚባልበት ጊዜ መጣ። ስም ለማዛወር ደግሞ ባለስሙ በአካል ቀርቦ አሻራ መስጠት አለበት። ያን ጊዜ ዘንገና ወረድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ እንዳይመስላችሁ። አሻራቸውን ፈልጌ ነው። መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄጄ ከሰል ጉድጓዳቸው አጠገብ አገኘኋቸው። "አያ፣ አንድ ጊዜ እንጅባራ ድረስ ላስቸግርዎት ነበር፣ ለሲሙ ጉዳይ" አልኳቸው። እርስዎ ማለት ተመልሶልኝ ነበር፤ የምፈልገው ነገር ነበረኛ። እጃቸውን ታጠቡና ተከተሉኝ።

ሲም ሱቁ ስንደርስ የአሻራው ማሽን ጣታቸውን አላነብ አለ። የከሰልና የመጥረቢያ ሥራ አሻራቸውን ልጎታል። የሱቁ ሠራተኛ ደጋግማ ሞከረችና "አባት፣ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ" አለች። እኔ ቸኮልኩ። አውራ ጣታቸውን ያዝኩት፣ በመሐረቤ ወለወልኩት፣ በራሴ እጅ ማሽኑ ላይ ተጫንኩት። ያቺን ጣት ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ይዣታለሁ፤ ከአዳራሹ ማግስት ለክስ መዝገቡ አሻራ ሲሰጡ ቀለም የቀባኋት እኔ ነኝ። ማሽኑ ጮኸ፣ አለፈ። በእኔ ላይ የነበረችው አንዲት ማስረጃ በባለቤቷ ጣት ተሰረዘች።

ከሱቁ ስንወጣ አያ ልየው ቆሙ። በአዊኛ "በእኔ ስም የቀረ ሌላ ያንተ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

የለም አልኳቸው። እሳቸው በእግራቸው ወደ ዘንገና መንገድ ጀመሩ፤ ባጃጅ እንኳ አልጠራሁላቸውም።

የለም አልኩ! ባለፎቶው የሚለው ስም የማን ነው? ከቅጥር ውጭ መቆም የነበረበት ማን ነው? የተማሪዋ እንባስ የማን ነው? አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቅ ነበር። እሳቸው አዳራሹ ውስጥ የለም ያሉት እኔን ለማዳን ነው፤ እኔ የለም ያልኳቸው ሥራ ረፍዶብኝ ነው።

ወጣት ነበርኩ አልልም፣ አለቃዬ አዞኝ ነው አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ምን አድርጌያችሁ? ይቅርታ የሚለመኑት ሰው ዘንገና በሕይወት አሉ። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሲቸግረኝ ሄጄበታለሁ።