ሚስ ሃሊና ፊት የቆሙበት ቀን

ነገሩ እኔን የአራት ዓመት ቅዳሜ አስከፈለኝ፤ ሚስ ሃሊናን ግን ደህናውን ጉልበታቸውን።

ዛሬ ጠዋት ዱሉዝ ከተማ፣ ጫማ መጋዘኔ ውስጥ፣ አዲስ የገባ የእንጨት ሳጥን ስከፍት የጥድ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው፤ ሠራተኛዬ "ጋሼ፣ ኢንቮይሱን ቼክ ያድርጉት እንጂ" ሲለኝ እኔ በሐሳቤ ያደግኩበት ፓይን ሌክ፣ ተማሪ ሁሉ እንዳያንሸራትተው ጫማውን የሙጫ ዱቄት በሚያስነካበት በዚያ የዳንስ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር።

ሚስ ሃሊና ጎረቤታችን የሚኖሩ ፖላንዳዊት የባሌት ዳንስ አስተማሪ ነበሩ። ዋርሶ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ዳንስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሃያ ዓመት ከኋላ ረድፍ ጨፍረው፣ አንድ ቀን ብቻ ዋናዋ ዳንሰኛ ሳትመጣ ስትቀር ፊት ቆመዋል፤ በኋላ ግራ ጉልበታቸው ተሰበረና ማስተማር ያዙ። ሲያወሩት ሃያው ዓመት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ያቺ አንድ ቀን ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አታልቅም።

እህቴ ሰዓዳ ዳንስ ካልተማርኩ ብላ ስታለቅስ፣ የወሎው ሰው አባቴ ሦስት ሳምንት እምቢ ብለው፣ በመጨረሻ ወንድሟ አብሯት እየሄደ እንዲጠብቃት ፈረዱ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለጠባቂው ጠባቂ አላቆሙለትም።

"እዚህ የሚቀመጠው ፒያኖው ብቻ ነው፤ ተነስ!" አሉኝ ሚስ ሃሊና በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ። ተነሳሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን እንጨት ይዤ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ እግሬ ከኔ ቀድሞ ወደደው። ቤት ግን አራት ዓመት ሙሉ ጠባቂ ነበርኩ።

በአራተኛው ዓመት ሚስ ሃሊና ዳውንታውን ባለ አዳራሽ ከሰዓዳ ጋር ጥንድ እንድንጨፍር አዘጋጁን፤ ጥቁር የዳንስ ጫማም ገዙልኝ። ፊት ለፊቱ ያለው አባባ የሚሠሩበት ፓርኪንግ መሆኑን ያወቅኩት በዕለቱ ከመኪና ስወርድ ነው። ሰዓዳ ገባች፤ እኔን አባባ ጠሩኝ።

"ምን ትገተራለህ? ግባና ጠብቃት እንጂ!"

"ተው አንተ፣ ወንዱንም ቀሚስ አልብሰው እንዳይመልሱልህ!" አሉ ጓደኛቸው ጋሽ ይመር። አባባም አብረው ሳቁ።

"በሩ ከዚህም ይታየኛል" አልኩና እዚያው ቆምኩ፤ ጭብጨባው እስኪሰማኝ።

ሰዓዳ እያለቀሰች ወጣች። በኔ ቦታ የገቡት ሚስ ሃሊና ነበሩ፤ በዚያ ዕድሜ፣ በአንድ ጉልበት፣ እጇን ይዘው እስከ መጨረሻው ጨፈሩ፤ መጋረጃው ሲዘጋ የቀኙም ጉልበት ከዳቸው።

በሌላው ቅዳሜ ስሄድ ያንን ክልክል ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር የሚያስተምሩት። አልተቆጡኝም።

"በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ፊት ቆምኩ" አሉኝ፤ "ሁለቱንም ሰው ባይመጣ ነው።" ያን ጥቁር ጫማዬን ሰጡኝ።

ይቅርታ መጠየቁን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ። ሁልጊዜ የሚቀጥል ቅዳሜ ነበረ፤ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ።

እዚህ መጋዘን ያለ ጫማ ሁሉ ይሸጣል፤ ያ ጥንድ ብቻ አይሸጥም፣ እግሬንም አይበቃውም። አራት ዓመት ተማርኩ። አንድም ቀን ሰው ፊት አልጨፈርኩም።