ማንጎ የገባበት ጠላ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው ቤት የተከራየሁት። ባለፈው እሑድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እኔ ቤት ሆነን በየቤታችን የጠመቅነውን ጠላ እየተቀያየርን ስንቀምስ ነበር። የእኔ ማንጎ፣ የሰናይት ዝንጅብል፣ የታደሰ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ገብቶበታል።

አከራዬ እትዬ ብርቄ ጴንጤ ናቸው። ቤቱን ሲያከራዩኝ "መጠጥ እዚህ ግቢ አይገባም" ብለውኛል። ድንገት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

"ምንድን ነው የምትጠጡት?"

"ቀሪቦ ነው፣ እትዬ። አያሰክርም" አልኩ።

ብርጭቆዬን ወስደው አሸተቱት፤ ደገሙና አሸተቱት። ሰናይት አቀርቅራለች። እኔ ዕቃዬን ጭኜ የት እንደምገባ አስባለሁ።

"ጌታን ከመቀበሌ በፊት ኮምቦልቻ ስንት ዓመት ጠላ እንደሸጥኩ ታውቂያለሽ?" አሉኝ ብርጭቆውን እየመለሱልኝ። "ጌሾ አብዝተሽበታል፤ ማንጎውን ገድሎታል።"