ጫቱ ሳይፈታ

አዳዳ ነው የምንላት፤ የአባታችን ታላቅ እህት ናት። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ያበጠ ነው፤ የአያታችንም እንዲሁ ነበር። ያኔ አሰበ ተፈሪ ገበያ ያሉ ሴቶች «ጋኔን ረግጣ ነው» እያሉ ጫማዋ አጠገብ ጫማቸውን አያወልቁም ነበር። እሷ ምን ገዷት! ጠዋት እግሯን አጥባ፣ አድርቃ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ጠምጥማ ሽንኩርቷን ልትሸጥ ትወጣለች። እንደሷ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው በከተማው አላየሁም።

በደርግ ጊዜ ለታላቅ እህቴ ከሚኤሶ ሽማግሌ ተላከ። ሊያገባት የጠየቀው ልጅ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ እህቴም ወዳዋለች። ቤታችን ግን ጭንቅ ገባው፤ የእህቴም እግር ማበጥ ጀምሮ ነበርና። አባቴ ቆረጠ፦ እህቴ ረጅም ቀሚስ ትለብሳለች፣ አዳዳ ከጓዳ አትወጣም።

በእኛ ዘንድ ሽማግሎች ጫት አስረው ይመጣሉ። እስሩ ተፈትቶ ዱዓ ከተደረገ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ ነውር ነው። አባቴም ይህን አስቦ ቶሎ ሊፈታው እጁን ሲሰድ፣ አዳዳ ከጓዳ ወጣች።

«ቆይ፣ አትፍታው!»

ሽማግሎቹ ፊት ቁጭ ብላ ጥምጥሙን ከእግሯ ላይ ፈታች።

«አባቶቼ፣ እዩት። ጋኔን አልረገጥኩም፤ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ፈሳሹን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን ሥሮች ሲፈጠሩ ጀምሮ ደካማ ናቸው፣ በዘር ነው የሚመጣው አለኝ። ሰው ላይ አይጋባም። ግን ከእናት ወይ ካባት አንዱ ዘሩ ካለበት፣ የራሱ እግር ባያብጥም፣ ልጅ ሊወርሰው ይችላል፤ ላይወርሰውም ይችላል። ልጅቷንም ጀምሯታል። ወላሂ፣ ደብቀን አንድርም!»

ሽማግሎቹ ተያዩ። «ለቤተሰቡ እንነግራለን» ብለው ጫቱን እንደታሰረ ይዘው ሄዱ። እህቴ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች፤ አባቴ አዳዳን አኮረፋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እሰማለሁ፤ ሽማግሌ ፊት እንዲህ ደፍሮ የሚናገረው ግን ስንቱ ነው? እኔ በዚያች ሴትዮ ኮራሁ፤ ግን ጓዳ ገብቼ እህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰንበትበት ብሎ ልጁ ብቻውን መጣ። አባቴን ሰላም ብሎ አዳዳ አጠገብ ተቀመጠ።

«አዳዳ፣ አጠማጠሙን ያሳዩኝ።»

«ለምንህ?»

«እሷ ስትደክም ማን ያስርላታል?»

አዳዳ እግሯን ዘረጋችለት። አጥብቆ ሲያስረው ግን እጁን መታችው፤ «ቀስ! ግመል እየጫንክ መሰለህ?»

ተጋቡ። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ስትወለድ ሁለቱም እግሮቿ ያበጡ ነበሩ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አራስ ጥየቃ የመጡት ሴቶች መንሾካሾክ ጀመሩ። ያኔ የባሏ እናት ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ምን ያንሾካሹካችኋል? ተነግሮን ነው ያመጣናት» አሉና ሕፃኗን ተቀብለው እግሮቿን ሳሙ።