ቁልፉ ውስጥ የለጠፍኩት ፕላስተር

ከአረካ በምወጣበት ዋዜማ፣ እናቴ መፍቻዎቼንና የብየዳ ብረቴን በብርድ ልብስ ስትጠቀልልልኝ፣ ጎረቤቶች ሊሸኙኝ መጡ። ሊሸኙኝ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ሊስቁብኝም ነው የመጡት። «ሰው ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል፣ አንቺ ደቡብ ኦሞ?» አለች አንዷ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ! እናቴ ግን ጆሮዬ ስር ጠጋ ብላ በወላይትኛ «አስቴርዬ፣ የማታውቂው ሰው የሰጠሽን አትብዪ» አለችኝ።

እናንተ አረካ ያላችሁ፣ ስደት ማለት ባሕር ማቋረጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወይጦ ስትደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ይመታችኋል፤ አጠገባችሁ የሚያወራው ሰው ቋንቋ አንድ ቃል አይገባችሁም፤ ያን ጊዜ ስደተኛ ናችሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሦስት ሙዝ ሰጠኝ። መድኃኒት ነገር አድርጎበታል ብዬ አልበላም አልኩ። ሦስቱንም ልጦ ራሱ በላና ካኮ የምትባል ከተማ ላይ «ሰላም ግቢ እህቴ» ብሎኝ ወረደ። እኔ የመሣሪያ ሳጥኔን በእግሮቼ መሃል አጣብቄ፣ ተርቤ ጅንካ ገባሁ።

ጅንካ መጥፎ አገር አይደለም። አረንጓዴ ነው፣ አፈሩ ለምለም ነው፣ እንሰት እንኳ አለ። ዝናቡ ግን ጠባይ የለውም፤ የኛ ዝናብ ከሩቅ ጠቁሮ እየታየ፣ ልብስ አስገቡ እያለ ነው የሚመጣው፣ የጅንካው ፀሐይ ላይ እያላችሁ ያጥባችኋል። ሚጥሚጣ በየሱቁ ሞልቷል፣ እንደ እናቴ ዳጣ አፍንጫ የሚከፍት ግን አጣሁ። አንዳንድ ቀን ሥጋ ፊቴ ቀርቦ በዳጣ ናፍቆት እንባዬ ይመጣል፤ አትሳቁብኝ።

ለሞባይል ጥገና የምትሆን አንዲት ክፍል ያከራየኝ ጋሽ ወርቅነህ የሚባል ሽማግሌ ነው። ውሉን ከመጻፉ በፊት መረመረኝ።

«ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሊመጣ ነው?»

«የለኝም እኮ ነው የምልዎት።»

«የሌለው ነው የሚያሰጋው። እኔ የዚህ አገር ሰው ነኝ፣ መጤ አመሉን ሳላውቅ አላስገባም።»

«አያትዎ ከሸዋ ነው የመጡት ሲባል ሰማሁ?»

«አያቴ በበቅሎ ነው የመጡት!» አለ ተቆጥቶ። በበቅሎ የመጣ መጤ አይባልም ማለት ነው።

ቀበሌ ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ። የአረካን መሸኛ አቀረብኩ፣ ሠራተኛው ገለባበጠው።

«ዋስ የታለ?»

«እዚህ ሰው አላውቅም።»

«እዚህ የሚኖር፣ ለአንቺ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው።»

«ሦስት ቀን ተመላልሼ እርስዎ እንኳ አላወቁኝም?»

«እኔ የማውቅሽ በሲስተም ነው። ሲስተሙ ደግሞ ዛሬ የለም። ለማንኛውም ያለ ዋስ መታወቂያ የለም፣ ያለ መታወቂያ ንግድ ፈቃድ የለም። እስከ አርብ ካላመጣሽ ሱቁ ይታሸጋል።»

ሱቁ ከታሸገ አረካ ልመለስ ነው፤ ከነሳጥኔ፣ በሳቁብኝ ሰዎች ፊት። ተመልሼ ጋሽ ወርቅነህን ዋስ ሁኑኝ ብዬ ለመንኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ ከኪሱ የመኪና ቁልፍ አወጣ፤ ያ እንኳን ጥርስ የሌለው፣ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ በጣት ተጭነው የሚነሳበት ዓይነት። «ባትሪው ደክሟል። እሱን ቀይሪልኝና ሥራሽን ልይ» አለኝ።

የጥገና ሥራ የሠራ ሰው ያውቃል፤ ደንበኛ ዕቃውን ሰጥቶ አይሄድም። አፍጥጦ ይቀመጣል። ውስጡን ትቀይርብኛለች ብሎ ነው። ጋሽ ወርቅነህም መነጽሩን አድርጎ አፍንጫውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደገፈ፤ ቁልፉን ስከፍት የውስጡን ሰሌዳ ጫፍ በምስማር ጫረው። «ምልክቴ ነው» አለ።

እኔስ ብሆን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! አዲስ ባትሪ ሸጬ በማግስቱ የሞተ ባትሪ ይዘው «ይኸው የሸጥሽልኝ» ያሉኝ ስንት ናቸው። ስለዚህ በምሸጠው ባትሪ ሁሉ ላይ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር ለጥፌ እፈርምበታለሁ። የሞባይል ባትሪ ጎኑ ሰፊ ነው፣ ችግር የለውም። የቁልፉ ግን እንደ ሳንቲም ክብ ናት፤ ፕላስተሩን በጣም ትንሽ አድርጌ ቆረጥኩና ባትሪውን ከምትነካው ቀጭን ብረት ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ለጠፍኩት። ገጠምኩት። ጋሽ ወርቅነህ ሄዶ መኪናውን ሞከረ፣ በአንዴ ተነሳ። «አርብ ጠዋት ቀበሌ እንገናኝ» አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ቀይ አፈር ገበያ ሄደ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«ቀየርሽብኝ! መኪናው እምቢ ብሎኝ ሜዳ ላይ ቆሜያለሁ። ዋስ? የሌባ ዋስ አልሆንም!» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

መልሼ ደወልኩ፣ አያነሳም። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ጥርጣሬዬ ተነሳ። ባትሪዬን አውጥቶ የሞተውን መልሶ አስገብቶ ቢሆንስ? ክፍሏን ለእህቱ ልጅ ሊሰጥ እንደሚፈልግ ጎረቤት ነግሮኝ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሙሉ የምለውን እየደረደርኩ ነበር።

ቀይ አፈር ፍየሉ፣ ሰዉ፣ አቧራው ተቀላቅሎ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ወርቅነህ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል፣ ሰው ከቦታል። ቁልፉን ይስጡኝ ብዬ እጄን ስዘረጋ ወደ ደረቱ ሸሸገው።

«አትነኪም!»

«አልነካም። እዚሁ፣ በሰው ፊት፣ ራስዎ ይክፈቱት። ባትሪው ላይ ፊርማዬ ከሌለ ሌባው እኔ አይደለሁም።»

ቦርኮቶው ላይ፣ ያቺ ትንሽ የእንጨት መቀመጫው ላይ፣ የተቀመጠ የበና ሽማግሌ ሁለታችንን ተራ በተራ አየን። «እሱ ሌባ ይላል፣ አንቺ ሌባ ትላለሽ» አለ። «የተሰረቀው ምንድን ነው?»

ጋሽ ወርቅነህ በቢላ ጫፍ ቁልፉን ከፈተ። ሰሌዳው ላይ የምስማሩ ምልክት አለ። ፕላስተሩም አለ፣ ፊርማዬም አለ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ አየሁት። ጠዋቱን ሙሉ ቁልፉን መሪው ፊት፣ መስታወቱ ስር፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። የፕላስተሩ ሙጫ ቀልጦ፣ ፕላስተሩ ተንሸራቶ ያቺን ቀጭን ብረት ሸፍኗታል። ብረቷና ባትሪው አልተነካኩም። ኪሱ ውስጥ ቢተወው ምንም አይሆንም ነበር። ማንም አልቀየረም፣ ማንም አልሰረቀም፤ መኪናውን ያቆመው የኔ ፊርማ ነው።

እሱ የሚያየው ምልክቱን ብቻ ነው። «የኔም አለ፣ ያንቺም አለ» አለ ግራ ገብቶት። «ታዲያ ምን ነካው?»

እውነቱን ልናገር ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አርብ ግን ነገ ናት። «አቧራ ነው» አልኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩ፣ ሙጫውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩ፣ ገጥሜ ሰጠሁት። መኪናው ተነሳ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ላብ አጥምቆኛል፤ ከሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ጋሽ ወርቅነህ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባርኔጣውን አወለቀ። «ልጄ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብሽ። ይቅር በዪኝ» አለ። የአባቴ እኩያ ነው። መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። «ምንም አይደል ጋሼ» አልኩት።

አርብ ቀበሌ ገባን። ሠራተኛው «ኃላፊነት ይወስዳሉ?» ሲለው፣ ፎርሙ ላይ ከመፈረሙ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሌባ ብያት እንኳ ዝም ብላ መኪናዬን የሠራች ልጅ ናት» አለ። ዝም ማለቴን እንደ ትሕትና ቆጥሮልኛል። ከበሩ ስንወጣ ደግሞ ከኪሱ ሌላ ቁልፍ አወጣ፣ የመኪናውን ተቀያሪ። «እኔ እጥለዋለሁ፤ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» ብሎ መዳፌ ላይ አኖረው። እንዲህ አምኖኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሱቄ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አመሻሽ ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። መታወቂያ አገኘሁ ስላት እልል አለች፣ ከጀርባዋ ጎረቤቶቹም አብረው እልል ሲሉ ይሰማኛል። መጥቼ መሃላቸው መቀመጥ አማረኝ።

«ዋስ የሆነልሽ ሰውዬ ደግ ነው?» አለችኝ።

«ደግ ነው እማዬ። በጣም ደግ ነው።»

«ተመስገን። አንቺስ፣ ምን አደረግሽለት?»

«አይሰማም እማዬ» አልኩ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

«እኔ እሰማሻለሁ እኮ» አለች።