ስፒከሩን የጠገንኩበት ክረምት

ባለቤቴ ሆሳዕና ውስጥ መምህር ነበር፤ እኔ ደግሞ በረንዳችን ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ነው። ያኔ በሰፈራችን ራዲዮ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የእኛ ራዲዮ ስፒከሩ ለብቻው ነው፤ ፊቱ በወርቃማ ጨርቅ የተሸፈነ ቡናማ የጣውላ ሣጥን። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲያመጣው አውቶቡስ ጣራ ላይ አላስጫነውም። እስከ መናኸሪያው ድረስ ጭኑ ላይ አቅፎት መጣ።

አመሻሽ ላይ ዜና ሲደርስ ጎረቤቶቻችን ይሰበሰባሉ። አጠገባችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አማርኛው ላልገባቸው በሀዲይኛ ይነግሯቸዋል። እኔም ቤቴ እንዲያምር ብዬ ስፒከሩ ላይ ዳንቴል አነጠፍኩ፤ ከዳንቴሉ በላይ አበባ በብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ ብርጭቆው በእጄ ተመትቶ ወደቀ። ውሃው በስፒከሩ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ። ቶሎ ብዬ ላዩን አደረቅኩትና ዝም አልኩ። በማግስቱ ራዲዮው ሲከፈት ዜና አንባቢው ጉንፋን የያዘው ይመስል ድምፁ ይንኮሻኮሽ ጀመር።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» አለ ባለቤቴ።

«እኔ ነኝ። ውሃ ደፋሁበት» አልኩት።

አልተቆጣኝም። አዲስ አበባ ወስዶ እንዳያሠራው መንገዱ ጭቃ ነው፤ ፈተናም እያረመ ነበር። «እስኪደርቅ እንጠብቃለን» ብቻ አለ። ጎረቤቶቻችን ሁለት ቀን መጥተው እንዲሁ ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን እሱ ትምህርት ቤት እንደሄደ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፤ በስፌት መኪናዬ መፍቻ የስፒከሩን ጀርባ ከፈትኩ። ጎንበስ ስል ደረቴ ላይ የሰካሁት መርፌ ተስፈንጥሮ ውስጥ ካለው ብረት ላይ ልጥፍ አለ። ክው አልኩ! ማግኔት መሆኑን አላወቅኩም ነበር። መርፌዎቼን ሁሉ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ እንደገና ጀመርኩ።

ከብረቱ ፊት እንደ መለከት አፍ የሰፋ ጥቁር ወረቀት አለ። ጠርዙ ላይ የጣት ያህል ተቀዷል። ይሄን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ የተቀደደ ነገር መጣፍ የየዕለት ሥራዬ ነው። ወፍራም ነገር ብለጥፍበት እንደሚከብደው ገባኝ። እሳት ዳር ባደርቀው ደግሞ ይጣመማል። ስለዚህ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አቆየሁት። ከዚያ ባለቤቴ ለታይፕ ከሚጠቀምበት ስስ ወረቀት ቆረጥኩ። የዱቄት ማጣበቂያ አይጥ ስለሚጠራ የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ አቅጥኜ፣ በዶሮ ላባ ቀባሁና ለጠፍኩት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ «በል ክፈተው» አልኩት። ድምፁ ኩልል ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙና «ሰውዬው ከጉንፋኑ ዳነ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባለቤቴ ሣጥኑን አዙሮ ልጣፉን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ከዚያ ወዲያ ስፒከሩ ላይ ምንም ነገር እንዳይቀመጥ ከለከልኩ። ጀርባውን አይጥ እንዳይገባበት በአሮጌ ወንፊት ሽቦ ዘጋሁት። ለበጋ አቧራም ልብስ ሰፋሁለት።

ወሬው ሩቅ ሄደ። መንገዱ ሲደርቅ ከዶዮገና አንድ ነጋዴ የተበላሸ የራሱን ስፒከር ተሸክሞ መጣ።

«መምህር፣ ይጠግናሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁት» አለ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ባለቤቴ፣ «እሷ ናት።»

ነጋዴው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር እያየ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ሣጥኑን በሁለት እጁ አቀበለኝ። «እትዬ፣ አደራ» አለኝ።

ተቀበልኩት። መቀሴንና ጨርቆቼን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ቦታ ያስለቀቀልኝ ባለቤቴ ነበር።